ያረጀ ማንበቢያ ለምን ይጣላል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮልፌ

በዚህ ዓመት ስለ አንድ ትልቅ ነገር፣ ምናልባትም ስለ አገር ዕድገት እጽፍ ዘንድ አስቤ ነበር። ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ጧት በቤታችን ደጃፍ የተደረገ አጭር ክርክር አሳቤን ለወጠው። ቁራሌው እንደ ልማዱ እየጮኸ ከአጠና ተራ በኩል ወደ መንደራችን ሲመጣ፣ እናቴ አንድ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ ሁለት ባዶ ጄሪካንና አንዲት ቀጭን ግራጫ መሣሪያ ይዛ ወጣች። እርሱም መሣሪያዋን ገለባብጦ አየና «እትዬ፣ ለዚችኛዋ ምንም አልጨምርም፤ ፕላስቲክ ናት» አላት። እኔም ሮጬ ከእጇ ተቀበልሁ። እናቴ ግን «ሦስት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ምን ረባችህ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን የምመልሰው አጣሁ። ዛሬ መልሱን ስላገኘሁ፣ ለእርስዋም ለእናንተም በዚህ ጽሑፍ ልመልስ እወዳለሁ።

ይህች መሣሪያ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ናት። የ8ኛን ክፍል ፈተና ባለፍሁ ጊዜ በውጭ አገር የምትኖር አክስቴ ለሽልማት የላከችልኝ ነበረች። ጥቂት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንብቤባታለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ባስገባባት፣ በፊደል ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖችን ደረደረችልኝ። የሠሩዋት ሰዎች ፊደላችንን አላስተማሩዋትም ነበር። የራሴን ቋንቋ የማታውቅ መሣሪያ ምን ታደርግልኛለች ብዬ አኖርኋት።

በቤታችን ሌላም ሥራ የፈታ ዕቃ ነበረ። ይኸውም የታላቅ ወንድሜ ላፕቶፕ ነው። ከታክሲ ሲወርድ ከእጁ አምልጦ ወደቀና ስክሪኑ ተሰባበረ። መርካቶ ወስደን የስክሪኑን ዋጋ ብንጠይቅ ከአባቴ የወር ደመወዝ የሚበልጥ ሆነና ዝም ብለን ይዘነው ተመለስን። የመጻፊያው ቁልፎች ይሠራሉ፤ ማሽኑም ሲነሣ ይሰማል፤ የሚሠራውን የሚያሳይበት ዓይን ብቻ የለውም።

በልጅነታችን ሁላችን የሰማነው የዕውሩና የአንካሳው ተረት አለ። ዕውሩ አንካሳውን ተሸከመው፤ አንካሳውም መንገዱን መራው፤ ሁለቱም ካሰቡት ደረሱ። በእኛም ቤት ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ዓይን ያላት ነገር ግን ብዙ የማትችል መሣሪያ ነበረች፤ ከአልጋ ሥር ደግሞ ብዙ የሚችል ነገር ግን ዓይን የሌለው ማሽን ነበረ። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ የሚቻልም ብቻ ሳይሆን ሊለመድ ይገባዋል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። በመጀመሪያ ስለ ማንበቢያዋ ገጽ እንነጋገር። ይህ ገጽ እንደ ቴሌቪዥን ብርሃን እየረጨ የሚያሳይ አይደለም። በጠጉር ውፍረት ልክ የሆኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረውበታል፤ በየእንክብሉም ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይንሳፈፋል። ነጩና ጥቁሩ ተቃራኒ ኤሌክትሪክ ስላላቸው፣ ከሥር የሚመጣው ኃይል አንዱን ወደ ላይ ሲስብ ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፊደሉም እንዲሁ ይሣላል። አንድ ጊዜ ከተሣለ በኋላ ኃይሉ ቢቋረጥም ሥዕሉ አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ባትሪው ለብዙ ቀን ይቆያል፤ በፀሐይም ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል። ይህን የኤሌክትሮኒክ ቀለም በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ከመምህራቸው ከጆሴፍ ጃኮብሰን ጋር ሆነው የሠሩት ባሬት ኮሚስኪና ጄ.ዲ. አልበርት የሚባሉ፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያልጨረሱ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። የሠሩትንም እ.ኤ.አ. በ1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። ተማሪ ከመማር በቀር ምንም ሊፈጥር አይችልም ለሚሉን ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የጥበቡ ክፍል የአንዱን ኮምፒዩተር ሥራ በሌላው ስክሪን ላይ ማየት ነው። ይህ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የነበረ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1998 ቪ.ኤን.ሲ. የተባለውን ፕሮግራም ማንም እንዲገለገልበት በነፃ ለቀቀው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ማሳየት የሚገባውን ሥዕል በልቡ ይሥላል፤ ከዚያም ገጹን በአራት ማዕዘን እየከፋፈለ የተለወጠውን ክፍል ብቻ በዋይፋይ ይልካል። ተቀባዩ መሣሪያ የላከለትን ሥዕል ከመለጠፍ በቀር ምንም ማሰብ አያስፈልገውም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ጥቂት አስብ! መሣሪያዬ ፊደላችንን አታውቅም ብዬ ነበር። ላፕቶፑ ግን ያውቃል፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፣ ዛሬ ኮምፒዩተሮች ያለ ችግር ይጽፉታል። ላፕቶፑ ጽፎ የሚልከው ሥዕል ስለ ሆነ፣ ማንበቢያዋ ፊደሉን ሳታውቀው ታሳየዋለች። «ሀ» ብዬ ስጽፍ በዚያች ባዶ ማዕዘን ትደረድር በነበረችው መሣሪያ ላይ «ሀ» ወጥቶ ያየሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያዳግተኛል።

ሥራውን ብቻዬን አልሠራሁትም። ከክፍል ጓደኛዬ ጋር በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ ላፕቶፑን ከአንድ ሌላ ስክሪን ጋር አገናኝተን የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ጫንበት፤ ዋይፋዩንም ላፕቶፑ ራሱ እንዲያሰራጭ አደረግነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔትም ካርድ መሙላትም አያስፈልግም። ያስቸገረችን ማንበቢያዋ ነበረች። ብዙዎቹ ማንበቢያዎች በውስጣቸው የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስም በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ይሁን እንጂ መሣሪያዋ መጽሐፍ ከማሳየት በቀር ሌላ ሥራ እንዳትሠራ አምራቹ ዘግቷታል። ይህን መዝጊያ በሞከርን ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ደንዝዛ ቀረች፤ ገደልናት ብለን አዘንን። በሦስተኛው ቀን መመሪያውን ከመጀመሪያ አንብበን አንድ የዘለልነው መስመር እንዳለ ባገኘን ጊዜ ተነሣች። ስለዚህ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሁሉ መሣሪያው ድንጋይ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ፤ የሰው ዕቃም ይዞ አይጀምር።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባኝም። ገጹ ሲለወጥ ጥቁርና ነጭ ብልጭ ይላል። የምጽፈው ፊደል ከጣቴ ጥቂት ዘግይቶ ይመጣል። ቀለም የለም፤ ግራጫ ብቻ ነው። ፊልም ለማየት የሚፈልግ ሰው ቢሞክረው ይናደዳል። ገጹም ስድስት ኢንች ብቻ ስለ ሆነ ፊደሉን ማተለቅ፣ አላስፈላጊውንም ነገር ሁሉ ከፊት ማጥፋት ያስፈልጋል። ነገር ግን ድርሰት ለመጻፍ፣ ማስታወሻ ለማንበብ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመለማመድ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ፊልም የማያሳይ መሣሪያ ለተማሪ ጉድለት ነው ወይስ ጸጋ? ይህን ለወላጆች ፍርድ እተወዋለሁ።

አንድ ማታ ጽሑፌን እየጻፍሁ ሳለ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ስለ ሆነ ወዲያው ሞተ። በማንበቢያዋ ላይ ግን የመጨረሻው ገጽ እንደ ተጻፈ ቀርቶ ነበር። እናቴ ሻማ አብርታ አጠገቤ ተቀመጠችና ያን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስለ መሣሪያዋ ምንም አልተናገረችም፤ «ይህ ዐረፍተ ነገር ረዝሟል» ብቻ አለችኝ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ይህን ሥራ በክበባችን ባሳየን ጊዜ ሁሉም አልተደሰቱም። አንዳንዶች «ይህ መስበር ነው፤ ለተማሪ አይገባም» አሉ። በእርግጥ ፈረንጆቹ መዝጊያውን መክፈት «ጄልብሬክ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ከእስር ቤት ሰብሮ መውጣት ማለት ነው። ስሙ ክፉ ስለ ሆነ ሥራውም ክፉ መሰላቸው። እኔ ግን የራስን ሣጥን መክፈትና የጎረቤትን ሣጥን መስበር አንድ አይደለም እላለሁ። ደራሲው የደከመበትን መጽሐፍ ሳይከፍሉ መገልበጥ ስርቆት ነው፤ ይህን ማንም ቢያደርገው እቃወማለሁ። በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ሳይፈቀድ መግባትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ገንዘብ የተከፈለባትን፣ በእጄ ያለችውን መሣሪያ ሌላ ጠቃሚ ሥራ ማስተማር የማንን ሀብት ይነካል?

እስኪ ከእኛ ሰፈር ብዙ ሳንርቅ መርካቶ ምናለሽ ተራ እንሂድ። በዚያ አሮጌ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ የመኪና ጎማም በረባሶ ጫማ ይሆናል። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ «ለመኪና እንጂ ለእግር አልሸጥሁትም» ብሎ ሊከስስ የመጣበት ቀን አልሰማንም። እነዚያን ሠራተኞች ባለ ሙያ ብለን እናከብራቸዋለን። ታዲያ መዶሻው በቁልፍ፣ ብረቱም በፕሮግራም ሲተካ ባለ ሙያውን አፍራሽ ማለት ለምን አስፈለገ?

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ በታሪካችን አለ። ከጠላት ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲስማማ አድርገውታል። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ የመኪናው ቁልፎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። እርሳቸው ግን የውጭ አገር ፋብሪካ እስኪያስብልን ድረስ እንጠብቅ አላሉም። በእጃቸው ያለውን መኪና ለፊደላችን እንዲሠራ አስገደዱት። እኛ የሠራነው ነገር ከእርሳቸው ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

ሌላው ወቀሳ የበለጠ የሚያሳስብ ነው፤ ያቀረቡትም የኬሚስትሪ መምህራችን ናቸው። መምህሩ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በነበሩበት በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሳተላይት እየመጣ በየክፍሉ በተሰቀለው ስክሪን ይታይ ነበር። «ሥዕሉ ያማረ ነበር» አሉን መምህራችን፤ «ነገር ግን እጃችንን ብናወጣ የሚያየን አልነበረም። ቁም ብንለው አይቆምም፤ ድገምልን ብንለው አይደግምም። ማስታወሻ ሳንይዝ ገጹ ያልፋል። እናንተስ ደግሞ ሌላ ቦታ የሚያስብ፣ በእናንተ ፊት የሚታይ ስክሪን ለምን ትወድዳላችሁ?»

ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት አሳስቦኛል። በመጨረሻ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው። በፕላዝማው ላይ የታየው ችግር ስክሪኑና የሚያስበው ማሽን በመራራቃቸው የመጣ አልነበረም። ገመዱ የሚሄደው ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለ ነበረ ነው። ተማሪው ማየት እንጂ መመለስ፣ ማቆም፣ መለወጥ አይችልም ነበር። በእኛ ማንበቢያ ላይ ግን ሥዕሉ ወደ እኔ ሲመጣ የእኔ ጽሑፍ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ዕቃ የቤታችን ነው፤ ሲያሻኝ አቆመዋለሁ፤ ሲያሻኝ እለውጠዋለሁ። እንግዲህ ስለ ማንኛውም ስክሪን ልንጠይቅ የሚገባን «ከወዲያኛው ጫፍ ማን አለ? እኔስ ልመልስለት እችላለሁን?» ብለን ነው። የመምህራችን ጥያቄ ለእኛ ለማንበቢያዋ ብቻ ሳይሆን በየኪሳችን ለያዝነው ስልክም የሚገባ ይመስለኛል።

መሣሪያን መለወጥ ለልጆች ትምህርት መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር በአገራችን ሆኗል። ከአየር ጤና ተነሥተን የጅማን መንገድ ይዘን ወሊሶ ከደረስን በኋላ ወደ አምቦ አቅጣጫ ብንታጠፍ ወንጪን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶችን በካርቶን እንደ ታሸጉ አደለ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ልጆች ነበሩ፤ አስተማሪ ግን አልተሰጣቸውም፤ ታብሌቱ የሚሞላውም በፀሐይ ኃይል ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት የፈጀበት አራት ደቂቃ ያህል ነው። የድርጅቱ ሰዎች የታብሌቱን ካሜራ ዘግተውት ነበር። በአምስት ወር ጊዜ ውስጥ ልጆቹ መዝጊያውን ከፍተው ካሜራውን አሠሩት።

ከዚህ ታሪክ ታብሌት ካለ አስተማሪ አያስፈልግም የሚል መደምደሚያ የሚያወጡ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ሁለት መንደር አገር አይደለምና። ከታሪኩ እኔ የወሰድሁት ሌላ ነገር ነው። እነዚያን ልጆች የዘጉባቸው ሰዎች መክፈታቸውን ባወቁ ጊዜ አልቀጡዋቸውም፤ ይልቁንም በደስታ ለዓለም ነገሩላቸው። ገና ፊደል ያልቆጠረ የወንጪ ሕፃን የተዘጋ መሣሪያ ሲከፍት ብልህ ከተባለ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲከፍት ወንጀለኛ ሊባል አይገባውም።

ይህ ሁሉ ለምን አስጨነቀህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር እየተሰጠ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት አንዱን ኮምፒዩተር ለሦስት ከብበን እንማራለን፤ መሐል የደረሰው ይጽፋል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ያያሉ። በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪና የሌለው ተማሪ በአንድ ቀን አንድ ፈተና ይቀመጣሉ። የኬሚስትሪውን ጥያቄ ሁለቱም እኩል ሊያውቁት ይችላሉ፤ አንደኛው ግን የመዳፊቱ ቀስት የት እንደ ጠፋ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልፍበታል። ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ከአልጋ ሥር ተጥሎ ሳለ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል። 10ኛ ክፍል ያለችው እኅቴ ከዚህ ዓመት በፊት ኪቦርድ ነክታ አታውቅም ነበር። አሁን በዚያ ዕውርና አንካሳ ማሽን ላይ በየማታው ግማሽ ሰዓት ትለማመዳለች፤ የእንግሊዝኛ ድርሰቷንም በእርሱ ጽፋ ጨርሳለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። ወላጆቻችን ሆይ፣ የተሰበረ ላፕቶፕ፣ ያረጀ ታብሌት ወይም ማንበቢያ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ልጆቻችሁን ጠይቁ። መምህራኖቻችን ሆይ፣ የኮምፒዩተር ክበባችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በእናንተ ተቆጣጣሪነት እንዲያገናኝ ፍቀዱልን። የትምህርት ቤቱን ማሽኖች ሳንነካ፣ የይለፍ ቃል ሳናበጅ ምንም ሳንከፍት፣ የሠራነውንም ሁሉ በመዝገብ እየጻፍን እንሠራለን። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ አዲስ ዕቃ ስላልተገዛልን ብቻ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም፤ ዘንድሮ እኛ የወረወርነው አንዲት ያረጀች ማንበቢያ ናት።

እናቴ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት በዚያችው መሣሪያ ላይ አንብባዋለች። ረጃጅም ናቸው ያለቻቸውን ዐረፍተ ነገሮች አሳጥሬያለሁ፤ ሁሉንም ግን አልቻልሁም።